ደም ልጨምርበት? በባሕር ዳርቻ ስለሚጻፍ የድሮ ዘመን የምርመራ ልቦለድ

ጥያቄ፦ «በድሮ ዘመን የባሕር ዳርቻ ከተሞች ላይ የተጻፉ ለስላሳ የምርመራ ልቦለዶች ነፍሴ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ውዬ ማታ ሁለት ምዕራፍ ሳላነብ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን የራሴን መጻፍ ጀምሬያለሁ። ዘመኑ 1895 ነው፤ ወሩ ኦገስት። ቦታው እንግሊዝ ውስጥ ያለ፣ ስሙን እኔ የፈጠርኩት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አንድ የፔንሲዮን እንግዳ ተመርዞ አሸዋው ላይ ይገኛል። የፔንሲዮኑ ሠራተኛ የሆነች ወጣት ነገሩን ትመረምራለች። ሁለት ጓደኞቼ አነበቡት። አንዷ ‹ደስ ይላል፣ ግን ያስተኛል› አለችኝ። ሌላው ‹ዘውጉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ደም ጨምርበት› አለኝ። ባርኔጣው፣ ሻዩ፣ ዣንጥላው፣ ሙዚቃው ሁሉ አለ። ሰው ይህን ዓይነት መጽሐፍ የሚወደው ለምንድን ነው? የእኔስ ምን ጎደለው? ደም ልጨምርበት?»

ምላሽ፦ ደም አይጨምሩ። የላኳቸውን ሦስት ምዕራፎችና የሴራውን ማጠቃለያ አንብቤያለሁ። በሦስቱ ምዕራፎች ውስጥ ባሕሩ አራት ጊዜ ተጠቅሷል። አራቱንም ጊዜ «ሰማያዊ» ተብሏል። የማንንም ጫማ አላራሰም። ማንም ሰዓቱን አይቶ ከፊቱ አልሸሸም። ታሪኩን ከዚያ ከተማ ነቅለው ተራራ ሥር ቢተክሉት የሚቀየር ነገር የለም። ጓደኛዎን ያስተኛት ይህ ነው።

«ዘውጉ ራሱ ቀላል ነው» የሚለው አባባል ግን ሳይታረም ማለፍ የለበትም፤ የደሙ ምክር የመጣው ከዚያ ነውና። ለስላሳ የሚባለው የምርመራ ልቦለድ፣ ብዙዎች «ኮዚ» የሚሉት፣ የታወቁ ልማዶች አሉት። ግድያው የሚፈጸመው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። አስከሬን አለ፤ የስቃይ ዝርዝር የለም። መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ አይደለም። ጡረተኛ፣ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ወይም እንደ እርስዎ ታሪክ የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል። ይህን አይቶ «ቀላል» የሚል ሰው ከጸሐፊው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ደም ያለበት መጽሐፍ አንባቢውን በድንጋጤ ይዞ ሃያ ገጽ ሊነዳው ይችላል። ለስላሳው ግን ያለው መያዣ አንድ ብቻ ነው፤ ፍንጭ። ፍንጩ ከላላ ልብ ሰቀላው አብሮ ይወድቃል።

በ1930 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የምርመራ ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር፣ ዲቴክሽን ክለብ፣ አዲስ አባል ሲቀበል ቃለ መሐላ ያስገባ ነበር። መርማሪዎቻቸው ወንጀሉን በገዛ አእምሯቸው ሊፈቱት ነው የሚምሉት። ራእይ፣ አስማትና የአጋጣሚ እርዳታ አይፈቀድም። ዋናውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅም ክልክል ነው። መሐላው ቀልድ የተቀላቀለበት ነበር፤ ሐሳቡ ግን ቁም ነገር ነው። ጸሐፊውና አንባቢው ውል ገብተዋል። አንባቢው መርማሪው ያየውን ሁሉ ያያል። ከተሸወደም የሚሸወደው ዓይኑ እያየ ነው።

ሰው ይህን ዘውግ ለምን እንደሚወደው ከዚህ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ እንደሚውሉ ጽፈዋል። ከዚያ ሁሉ ሩጫ ስንቱ በዕለቱ ያልቃል? ስልክ የደወሉለት ሰው መልሶ አልደወለም። ጉዳይዎ «ነገ ይታያል» ተባለ። የሥራ ባልደረባዎ ለምን እንዳኮረፈ አልታወቀም። ማታ የሚከፍቱት መጽሐፍ ውስጥ ግን ጠረጴዛ ላይ የቀረ ቁልፍ ሁሉ ባለቤት አለው። የተዘጋ መስኮት የተዘጋበት ምክንያት አለው። በገጽ 12 የተሰማ ሳል በገጽ 200 ይፈታል። ምቾቱ የሚመጣው ነገር ሁሉ ልክ ከመግባቱ ነው። ትራሱና ሻዩ ልኩን ሊያስጌጡት ይችላሉ፤ ሊተኩት ግን አይችሉም። እርስዎ ትራሱን ጽፈው ልኩን ረስተዋል።

ዘመኑ ለምን የድሮ ይሆናል? ብዙ ሰው መልሱ ናፍቆት ይመስለዋል። ናፍቆት አለ፤ እኔ ግን ሁለተኛ ቦታ ነው የምሰጠው። ዋናው ጉዳይ የወሬ ፍጥነት ነው። በ1895 ወሬ የሚሄደው በደብዳቤ፣ በቴሌግራምና በባቡር ነው። አንዲት እንግዳ «ባለቤቴ ሕንድ ነው ያለው» ካለች ማጣራት ሳምንታት ይፈጃል። አንድ ነገር ለማወቅ ተነስቶ መሄድ፣ በር ማንኳኳት፣ ከሰው ፊት ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ትዕይንት ይሆናል። የሰው ፊት ይታያል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። በዛሬው ዘመን መርማሪው ስልኩን አውጥቶ በሦስት ደቂቃ የሚያውቀውን፣ የእርስዎ ልጅ ሦስት ምዕራፍ ትደክምበታለች። አንባቢው የሚወደው ያንን ድካም ነው።

ባሕር ዳርቻውስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ረቂቅዎ የሚድነው እዚህ ነውና።

ባሕር መዝናኛ ከመሆኑ በፊት መድኃኒት ነበር። ሪቻርድ ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1750 ስለ ባሕር ውኃ ፈዋሽነት በላቲን ጽፎ አሳተመ። ሕሙማን እሱ ወዳለበት ወደ ብራይተን ጎረፉ። ይታጠቡበት ብቻ አልነበረም፤ ይጠጡትም ነበር። በ1841 ከለንደን ብራይተን የሚያደርሰው ባቡር ተከፈተ። በ1871 ደግሞ የባንክ በዓላት ሕግ ወጣ፤ ሕዝቡ በበጋው መካከል አንድ ተጨማሪ ሰኞ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር የሚታየው ሰው ዓይነቱ በዛ። ሳል የያዘው ባለጸጋ አለ። ልጆቿን ሰብስባ የመጣች የባለሱቅ ሚስት አለች። ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ሳምንት ያጠራቀመ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ሙዚቀኛው፣ አሻንጉሊት አጫዋቹ፣ ኪስ አውላቂው አሉ። በመኖሪያ ከተማቸው አንድ መንገድ ላይ የማይተላለፉ ሰዎች እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሾርባ ይጠጣሉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ማንንም አያውቅም። በር ላይ የተናገሩት ስም ስምዎ ይሆናል። መበለት ነኝ ያለች መበለት ናት። ኮሎኔል ነኝ ያለ ኮሎኔል ነው። በሌላ በኩል የመዝናኛ ከተሞቹ ጋዜጦች የእንግዶችን ስም ከነማረፊያቸው ያትሙ ነበር። አስቡት፤ የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ታትሞ በሳንቲም ይሸጣል! ይህ ረቂቅዎ ውስጥ የለም፤ ቢኖር ደግሞ ለሠራተኛዋ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም። የአምናው ጋዜጣ ምድጃ ማቀጣጠያ ሆኖ እጇ ይገባል። ከመቅደዷ በፊት አንድ ስም ታያለች። ያው ስም ዘንድሮ ሌላ ሰው ይዞት መጥቷል።

ይህ ሁሉ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ጨዋ ነው። ገዳዩ እንኳ «ስኳር ላቀብልዎ?» ይላል። ባሕሩ ግን ጨዋ አይደለም፤ የመቼቱ ጉልበትም ያ ነው። ብራይተን ላይ በ1823 የተከፈተ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ መንሸራሸሪያ ድልድይ ነበር። ባለዣንጥላዎቹ ሰባ ሦስት ዓመት ሲንሸራሸሩበት ኖሩ። በዲሴምበር 1896 አንድ የማዕበል ሌሊት ጠራርጎ ወሰደው። የእርስዎ ታሪክ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሰዎቹ ሻይ ሲጠጡ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ይህ ኃይል ነው። አንባቢ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ የሚስበው ሻዩንም ማዕበሉንም አንድ ላይ ሲያይ ነው። ማዕበሉን ካወጡት የሚቀረው ፖስትካርድ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። የባሕር ውኃ በአብዛኛው የእንግሊዝ ዳርቻ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ ሙላቱ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ጨረቃ አካባቢ ዝቅ ይላል። በብሪስቶል ቻናል በኩል በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የአራት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ከተማውን እርስዎ ፈጥረውታል፤ ጨረቃዋን ግን አልፈጠሯትም። አንድ ጊዜ «ሰኞ ሌሊት በዚህ ሰዓት ሞላ» ብለው ከጻፉ የሳምንቱ ሙላት ሁሉ ተወስኗል። በምዕራፍ ስድስት ስለተመቸዎት ብቻ ሊያንቀሳቅሱት አይችሉም።

በእርስዎው ሴራ ላይ ላሳይዎት። ሰዓቱን በአማርኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። እርስዎም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንዱን አቆጣጠር ይምረጡና እስከ መጨረሻው አይልቀቁት። የባቡር ሰዓቱ በእነሱ፣ የእራት ሰዓቱ በእኛ ከሆነ አንባቢው ይጠፋበታል።

የፔንሲዮኑ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የሙላት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት አለ እንበል። በየጠዋቱ የምትቀይረው ሠራተኛዋ ናት። ወረቀቱ ላይ «ከሌሊቱ 7፡20» ይላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ልትቀይረው እጇን ስትዘረጋ ከውጭ ጩኸት ይሰማል፤ አስከሬኑ ተገኝቷል። ወረቀቱን ትታ ትሮጣለች። አንሶላ እንድታለብሰው ትታዘዛለች። ስትጎነበስ የኮቱን ደረት በእጇ ትነካዋለች። ጀርባው ከእርጥቡ አሸዋ ርሷል፤ ፊቱ ግን ደረቅ ነው። የባሕር ውኃ የነካው ሱፍ ሲደርቅ ይገተራል፤ ጫፉ ላይም ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። እሷ ይህን ታውቃለች። በየቀኑ የእንግዶችን ቀሚስና ሱሪ የምትቦርሸው እሷ ናት። ኮቱ ላይ መስመር የለም። ውኃው ይህን ሰው አልሸፈነውም።

ሰውየው የወደቀበትን ቦታ ውኃ የሚሸፍነው ሙላቱ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ሁለት ሰዓት እስኪያልፈው ነው ብለን እንያዝ። አሁን ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው ኮሎኔል ለፖሊስ እንዲህ ይላል፦ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በመስኮት አየሁት። ጨረቃ ነበረች። እዚያችው ቦታ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።» ፖሊሱ መተላለፊያው ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ያያል። ሙላት 7፡20። ውኃው 9፡20 ላይ ቦታውን ለቋል። የኮሎኔሉ ቃል ልክ ነው፤ ይመዘገባል። አንባቢውም አብሮ ይመዘግባል። ወረቀቱ የትላንት፣ ቁጥሩም የቀደመው ሌሊት መሆኑን የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። ያን ሌሊት ውኃው የሞላው 8፡10 ላይ ነው። እስከ 10፡10 ድረስ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሊኖር አይችልም። ኮሎኔሉ ዋሽቷል።

ልብ ይበሉ፤ አንባቢው ሁሉን አይቷል። እጇን ስትዘረጋ አይቷል፣ ትታው ስትሮጥ አይቷል፣ ቁጥሩን አንብቧል። የ50 ደቂቃውን ነገር ደግሞ አንድ ዓሣ አጥማጅ ስለ ጀልባው ሲያማርር አስቀድሞ ይናገረው። ንግር፣ የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም፣ ማለት ይህ ነው። ምስጢሩ ሲፈታ አንባቢው ወደ ገጽ አንድ ተመልሶ ያያል። እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋል። በጎርፍ ደም የማይገኝ ደስታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ታሪኩን ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ለማዛወር ካሰቡ ይህ ዘዴ አይሠራም። በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ የሙላቱና የሽሽቱ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ወሩ ነው። ኦገስትን ይተዉት። በኦገስት የባሕር ዳርቻው በሰው ተጥለቅልቋል። በልዩ ባቡር ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለስ ሕዝብ አለ። ገዳዩ ከእነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢውም ይህን ያውቃል። ለስላሳ ምርመራ ደግሞ የተዘጋ ክበብ ይፈልጋል። ክበቡን ባሕሩ ራሱ የሚዘጋበት ቦታ አለ። ዴቨን ዳርቻ ላይ ያለችው በርግ ደሴት ውኃው ሲሸሽ በአሸዋ በእግር ይገባባታል፤ ሲሞላ ከምድሩ ትቆረጣለች። የእርስዎ ከተማ ደሴት ስላልሆነ መዝጊያው ወቅቱ ይሁን። ኦክቶበር መጨረሻ ያድርጉት። ሙዚቀኞቹ ሄደዋል። ሱቆቹ ግማሹ ተዘግተዋል። ፔንሲዮኑ ውስጥ አምስት እንግዶች ቀርተዋል። ወዲያው አንድ ጥያቄ በራሱ ይነሳል፦ እነዚህ አምስት ሰዎች በዚህ ብርድ እዚህ ምን ይሠራሉ? ለአምስቱም መልስ ሲጽፉ ግማሹን መጽሐፍ ጽፈዋል ማለት ነው።

ስለ መታጠቢያ ጋሪዎቹም ልናገር፤ እንደ ጌጥ አንድ ጊዜ አንስተዋቸው አልፈዋልና አንጀቴ አረረ። ጎማ ያለው የእንጨት ክፍል ነው። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ የብሱ፣ ሌላው ወደ ባሕሩ። ሰውየው በየብሱ በር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይገባል። ፈረስ ጋሪውን ውኃው ድረስ ይጎትተዋል። ሰውየው ጨለማው ውስጥ፣ እየተንገጫገጨ፣ ልብሱን ይቀይራል። ከዚያ በባሕሩ በር ደረጃውን ይወርዳል። ልብሱ፣ ሰዓቱ፣ ቦርሳው፣ ደብዳቤው ውስጥ ይቀራል። ወንዱና ሴቱ በየፊናው ስለሚታጠብ ማን ወደየት ጋሪ እንደሄደ ሰው ያያል። ለወንጀል ጸሐፊ ይህን የመሰለ ክፍል እንጨት ጠራቢው ራሱ አስቦበት የሠራው ነው የሚመስለው። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ጋሪዎቹ ከውኃው ርቀው በረድፍ ይቆሙ፣ በሮቻቸው ይቆለፉ። አንዱ ቁልፍ ግን አዲስ ቢሆንስ?

የዘመን ስህተቶችዎን ፈጠን ብዬ ልለፍ። ልጅቷ ከብርጭቆ ላይ የጣት አሻራ ታነሳለች፤ አይሆንም። የለንደን ፖሊስ የአሻራ ቢሮውን ያቋቋመው በ1901 ነው። በእንግሊዝ በአሻራ ማስረጃ በነፍስ ግድያ የተፈረደው መጀመሪያ በ1905 ነው። የሴት ፖሊስም ያውጡ፤ ሙሉ የማሰር ሥልጣን ያላት የመጀመሪያዋ ሴት ፖሊስ ሥራ የጀመረችው በ1915 ነው። ለእርስዎ ይህ ጥቅም ነው። ልጅቷ ሥልጣን ስለሌላት በዓይኗና በጆሮዋ ብቻ መሥራት አለባት። የፋብሪካ ሠራተኛዎ «ከነደሞዜ ዕረፍት ወጣሁ» ይላል። ደሞዝ ያለው ዕረፍት ሕግ የወጣው በ1938 ነው። እሱ ያጠራቀመውን ከፍሎ ነው የመጣው። ቀድሞ ስለከፈለም ሰው ቢሞት እንኳ ጥሎ አይሄድም። እነሆ አንዱ ተጠርጣሪ ለምን እንደቀረ ተመለሰ።

የመርዙ ነገር ትንሽ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሐኪምዎ «በዚህ ዘመን አርሴኒክን ማንም ሊያውቀው አይችልም» ይላል። ተሳስቷል። ጄምስ ማርሽ አርሴኒክን የሚያጋልጠውን ምርመራ ያወጣው በ1836 ነው። በ1851 የወጣው ሕግ ደግሞ ሻጩ የገዢውን ስም በመዝገብ እንዲጽፍ፣ በትንሹ የሚሸጠውንም በጥላሸት ወይም በሰማያዊ ቀለም እንዲቀላቅል ያዛል። ስለዚህ ገዳዩ መደብር ሄዶ የገዛው ከሆነ ስሙን ጽፎ ሄዷል። ከፔንሲዮኑ ወጥ ቤት ይውሰደው። በዚያ ዘመን አርሴኒክ ያለበት የዝንብ ወረቀት በየቤቱ ነበር፤ ሰሃን ላይ ውኃ ውስጥ ተነክሮ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ኦክቶበር ላይ ዝንብ የለም። ከበጋ የተረፈው እሽግ መሳቢያ ውስጥ መኖር አለበት። ቆጥራ ያስቀመጠችው ልጅቷ ራሷ ናት። መሳቢያውን ትከፍታለች፤ ይጎድላል። ከዚህ በላይ ዝርዝር አይጻፉ። ምን ያህል፣ እንዴት፣ በስንት ሰዓት የሚለው ለታሪኩ አያስፈልግም።

ደምን ይተካል የምለው ትዕይንት አንድ አለ። በዚያ ዘመን የአሟሟት ምርመራ ችሎት ብዙ ጊዜ የሚደረገው መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። የአሟሟት መርማሪው ሹም ቢያንስ አሥራ ሁለት የሰፈር ሰዎችን ይሰበስባል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰሪው፣ ጀልባ አከራዩ። ሕጉ አስከሬኑን በዓይናቸው እንዲያዩ ያስገድዳቸዋል። አስከሬኑን አይግለጹ። አይተው ሲመለሱ የዳቦ ጋጋሪውን ፊት ይግለጹ። ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ረስቶት፣ ጠርዙን እየጠመዘዘው። አንባቢው ከዚህ በላይ ደም አይፈልግም።

ለስላሳው ዘውግ የሚሸሸውን ነገርም ማወቅ አለብዎት። በ1895 በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ አንድ ነው፤ ስቅላት። ዳኛው ምርጫ የለውም። የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት የተቋቋመው በ1907 ነው። ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ምሕረት ካልመጣ፣ ከፍርዱ በኋላ ያለው ጊዜ ሦስት እሑድ ገደማ ነው። ብዙ ለስላሳ መጻሕፍት ገዳዩ ሲጋለጥ በሩን ይዘጋሉ። መዝጋቱን አልቃወምም፤ የዘውጉ ወሰን ነው። ልጅቷ ግን ሳታውቅ መቅረት የለባትም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ስለ አንድ ወረቀት ጠይቃ ጀመረች፤ አሁን ስም ብትጠራ አንድ ሰው ይሰቀላል። ይህን ስታውቅ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጣት። አንድ አንቀጽ ይበቃል። ያ አንቀጽ ከሌለ ግን ሞቱ ጨዋታ ይሆናል። ጓደኛዎ «ቀላል» ሲል ምናልባት የጎደለው ይህ መሆኑን ስም ሳይሰጠው ተሰምቶት ይሆናል።

ደም ያለበት፣ ጨለማው የበረታ መጽሐፍ መጻፍ ከፈለጉ መብትዎ ነው። ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት በዚያ መንገድ ተጽፈዋል። ግን ሌላ መጽሐፍ ነው። ሌላ መርማሪ፣ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ አንባቢ ይፈልጋል። በዚህኛው ላይ ሁለት ገጽ ደም ቢያፈሱበት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል። ለስላሳውን የሚወድ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ጨለማውን የሚወድ ደግሞ «ይሄ ብቻ?» ይላል።

አማርኛችን የሚሰጥዎትን አንድ መሣሪያ ሳልጠቁም አላልፍም። በ1895 እንግሊዝ እንግዳ ሰው እንግዳን በማዕረግና በቤተሰብ ስም ይጠራል፤ በመጠሪያ ስም መጥራት የቅርብ ሰው ነው። እኛ ይህን በ«እርስዎ»ና በ«አንቺ» እናሳየዋለን። ኮሎኔሉና መበለቲቱ በእራት ሰዓት «እርስዎ» ሲባባሉ ይክረሙ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ልትወድቅ ስትል ስሟን ጠርቶ «ያዢ!» ይበላት። አንድ ቃል። ልጅቷ ከታች የሻይ ዕቃ ይዛ ቆማለች። ማብራሪያ አይጨምሩ፤ የሚነቃ አንባቢ ይነቃል።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። አሁን ያሉትን ሦስት ምዕራፎች ወደ ጎን ያድርጓቸው። አይጥሏቸው፤ ባርኔጣዎቹ በኋላ በየቦታው ይገባሉ። መጀመሪያ አንድ ሉህ ላይ የሰባት ቀን የሙላት ሰዓት ይጻፉ፤ በየቀኑ 50 ደቂቃ እየጨመሩ። ከጎኑ የባቡሩን ሰዓትና የምግብ ደወሉን ይጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ እንግዳ በየሰዓቱ የት እንደነበረ ይሙሉ፤ አንድ ጊዜ እውነቱን፣ አንድ ጊዜ የተናገረውን። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ሴራዎ አለ። ሉሁ ሳይሞላ አንድ አንቀጽ እንኳ አይጻፉ። ሲሞላ ምዕራፍ አንድን ከመተላለፊያው ይጀምሩ። ብርድ አለ፣ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ልጅቷ አዲሱን ወረቀት በአንድ እጇ ይዛ በሌላው አሮጌውን ልታወርድ ነው።